ራጁ ላይ ስለሚታየው የቁርጭምጭሚት ትርፍ አጥንት

«ቁርጭምጭሚትዎ ላይ ትርፍ አጥንት በቅሏል» የተባለ ሰው ወዲያው የሚመጣበት ሐሳብ አጥንቱ ሥጋዬን እየወጋ ነው፣ ካልተቆረጠም አልድንም የሚል ነው። ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ ልክ አይደሉም። ለዓመታት ኳስ የተጫወቱ ወይም የዘለሉ ሰዎች ራጅ ቢነሱ፣ ምንም ሳያማቸው ትርፍ አጥንት የሚገኝባቸው ብዙ ናቸው። ስለዚህ ራጁ ላይ መታየቱ ብቻውን የሕመሙ ምንጭ እሱ ነው አያሰኝም። መከተል ያለብን ፎቶውን ሳይሆን ሕመሙን ነው። የትኛው እንቅስቃሴ እንደሚረዳ፣ የትኛው እንደሚጎዳ፣ ቀዶ ሕክምናም መቼ እንደሚያዋጣ የሚነግረን እሱ ነውና።

ምኑ ላይ ነው የሚበቅለው?

የቅልጥም አጥንት ታችኛው ጫፍ ታለስ በሚባል አጥንት ላይ ይቀመጣል። ታለስ ከላይ ክብ ነው፤ ወደ ፊት ሲሄድ ጠበብ ብሎ አንገት ይሠራል። ቁጢጥ ስንል፣ ዳገት ስንወጣ ወይም ደረጃ ስንወርድ ጉልበታችን ከእግር ጣታችን አልፎ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ያን ጊዜ የቅልጥሙ የፊት ጠርዝ ወደ ታለስ አንገት ይጠጋል። ትርፍ አጥንቱ በብዛት የሚበቅለው እዚህ ጋ ነው፤ በቅልጥሙ ጠርዝ ላይ፣ በታለስ አንገት ላይ ወይም በሁለቱም ላይ።

ሐኪሞች ኦስቲዮፋይት ይሉታል። እንደ ሌላው አጥንት ሕያው አጥንት ነው፤ ጫፉም ብዙ ጊዜ ካርቲሌጅ በሚባለው ልም አጥንት የተሸፈነ ነው። ራጅ ላይ ሹል መስሎ የሚታየው ከጎን ስለተነሳ ነው። በሲቲ ስካን ዙሪያውን ሲታይ ግን የመገጣጠሚያውን ጫፍ ተከትሎ የተዘረጋ ጠርዝ ሆኖ ይገኛል። ቁመቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው በጥቂት ሚሊሜትር ነው።

ታዲያ የሚያመው ምንድን ነው? በመገጣጠሚያው ፊት፣ በሁለቱ አጥንቶች መካከል፣ ስስ የውስጥ ሽፋንና ትንሽ ስብ አለ። ጤነኛ ቁርጭምጭሚት ሲታጠፍ እነዚህ የሚሸሹበት ቦታ ያገኛሉ። ትርፍ አጥንት ሲኖር ቦታው ይጠባል፤ ሽፋኑ ይያዛል፣ ይቆጣል፣ ያብጣል። ያበጠ ነገር ደግሞ በሚቀጥለው እርምጃ ይበልጥ ይያዛል። ጣት በበርና በመቃኑ መካከል ሲያዝ የሚያመው ጣቱ እንጂ በሩ አይደለም፤ እዚህም እንዲሁ ነው። ይህ ለሕክምናው ትልቅ ትርጉም አለው፤ አጥንቱ ባለበት ቢቀርም እብጠቱ ከቀነሰና መቆንጠጡ ከቆመ ሕመሙ ሊጠፋ ይችላል ማለት ነውና። ብዙ ሰው ያለ ቀዶ ሕክምና የሚሻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ለምን ይበቅላል?

ነገሩ ከታወቀ ቆይቷል። በ1943 እ.ኤ.አ. «የአትሌት ቁርጭምጭሚት» ተብሎ ተጻፈ፤ በ1950 እ.ኤ.አ. ደግሞ ማክመሪ የተባለው ብሪታኒያዊ ቀዶ ሐኪም «የእግር ኳስ ተጫዋች ቁርጭምጭሚት» አለው። ያን ጊዜ የነበረው ማብራሪያ፣ ተጫዋቹ ኳስ ሲመታ እግሩ ወደ ታች ስለሚዘረጋ መገጣጠሚያውን ዙሪያውን የሚሸፍነው ከረጢት አጥንቱን እየጎተተ ያሳድገዋል የሚል ነበር። በኋላ ቁርጭምጭሚት ተከፍቶ ሲለካ ግን ከረጢቱ ቅልጥሙ ላይ የሚጣበቀው ከጠርዙ 6 ሚሊሜትር ያህል ከፍ ብሎ ሆኖ ተገኘ። ትርፍ አጥንቱ ያለው ከከረጢቱ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የመጎተቱ ማብራሪያ አያስኬድም።

ዛሬ ክብደት የሚሰጣቸው ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ቀጥተኛ ምት ነው፤ የቁርጭምጭሚት ፊት፣ በተለይ የውስጥ ጎኑ፣ ቆዳና ስስ ሥጋ ብቻ ስለሚሸፍነው ኳስ በተመታ ቁጥር ጠርዙ ይቀጠቀጣል። ሁለተኛው ቁርጭምጭሚቱ እስከ መጨረሻው እየታጠፈ ጠርዝ ከጠርዝ መጋጨቱ ነው፤ ዝላይ፣ ዳንስ፣ ጂምናስቲክ፣ ተቀምጦ መነሳት የሚበዛበት ሥራ ሁሉ እዚህ ይገባል። ሦስተኛውን ሰዎች ይንቁታል፤ ወለምታ ነው። እግር ደጋግሞ ወለም ሲል ጅማቶቹ ይላላሉ፤ የላላ ቁርጭምጭሚት ውስጥ ታለስ ከቦታው ትንሽ ትንሽ እየተንሸራተተ ልም አጥንቱንና ጠርዙን ይፈትጋል። አካሉም ለተቀጠቀጠው ቦታ አጥንት በመጨመር መልስ ይሰጣል።

በዚህ ላይ ስብራት የነበረበት ሰው ለብቻው መታየት አለበት። የዳሌና የጉልበት መገጣጠሚያ በአብዛኛው በዕድሜ ብዛት ሲያልቅ፣ የቁርጭምጭሚት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው ከጉዳት በኋላ ነው። ከዓመታት በፊት ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ የነበረ ሰው ዛሬ ትርፍ አጥንት ቢታይበት፣ ልም አጥንቱ እየሳሳ ስለመሆኑ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናውም ከዚህ በታች እንደሚታየው ይለያል።

ፊት ነው ወይስ ኋላ?

ከፊት ያለውን ከሌሎቹ አለመለየት ሰውን በጣም ይጎዳል፤ አንዱን የሚያሳርፈው ሌላውን ያባብሳልና። ከቁርጭምጭሚቱ በስተኋላ፣ ከተረከዝ ጅማት ፊት ለፊት በጥልቀት የሚያም ከሆነና ሕመሙ በጣት ሲቆሙ ወይም እግር ወደ ታች ሲዘረጋ የሚመጣ ከሆነ፣ የተቆነጠጠው የኋላው ክፍል ነው። በባሌ ዳንሰኞች ላይ የሚበዛው ይኸኛው ነው። ተረከዝ ከፍ ያለ ጫማ የፊቱን ያሳርፋል፤ የኋላውን ግን ያባብሳል። የተረከዝ ጅማት ከአጥንቱ ጋር በሚጣበቅበት ቦታ የሚበቅለውና ተረከዝ ሥር የሚበቅለው ደግሞ ሌሎች ነገሮች ናቸው፤ ጠዋት የመጀመሪያዋን እርምጃ ሲረግጡ ተረከዝዎን ከሥሩ ካመመዎት ይህ ጽሑፍ አይመለከትዎትም። ከዚህ በኋላ የምናገረው ሁሉ ስለ ፊተኛው ነው።

የፊተኛው ሕመም እንዲህ ነው፤ ቁጢጥ ሲሉ፣ ዳገት ሲወጡ፣ ደረጃ ሲወርዱ፣ ጎንበስ ብለው ክብደት ሲያነሱ ከፊት ቆንጠጥ ያደርጋል። ሜዳ ላይ ቀስ ብሎ መራመድ ግን ብዙም አያስቸግርም። ከጨዋታ ወይም ከረጅም ቀን በኋላ ያብጣል፤ ሲያርፍ ይቀንሳል።

በጣት መፈለግ ይቻላል። ተቀምጠው እግርዎን ወደ ላይ ቀና ሲያደርጉ ከቁርጭምጭሚቱ ፊት አንድ ወፍራም ጅማት ብቅ ይላል። አሁን እግሩን ዘና አድርገው ትንሽ ወደ ታች ይልቀቁት፤ መገጣጠሚያው ከፊት ይከፈታል። በዚያ ጅማትና በውስጠኛው የቁርጭምጭሚት ጉብታ መካከል ባለው ጎድጓዳ ቦታ በአውራ ጣት ጫን ይበሉ፤ ከዚያም በጅማቱና በውጭኛው ጉብታ መካከል። የሚያመው የቱ እንደሆነ ይያዙ። አንዳንዴ ጠጣር ጠርዝ በጣት ይዳሰሳል። ጣትዎን እዚያው እንደጫኑ እግሩን ወደ ላይ ሲያጥፉት የለመዱት ሕመም ከመጣ መቆንጠጡ እዚያ ነው የሚያሰኝ ጥሩ ምልክት ነው። ጅማቱን ራሱን ሲጫኑ ካመመ ግን ችግሩ ምናልባት የጅማቱ ነው።

የግድግዳው ልኬት

ከሁሉ በላይ ጠቃሚ ሆኖ የማገኘው ምርመራ ሜትርና ግድግዳ ብቻ ይፈልጋል። ጫማ አውልቀው ግድግዳ ፊት ይቁሙ፤ የእግርዎ አውራ ጣት ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ እግሩ ቀጥ ብሎ ወደ ግድግዳው ይመልከት። ተረከዝ ሳይነሳ ጉልበትዎን አጥፈው ግድግዳውን ይንኩ። ከነኩ እግሩን 1 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይሳቡት፤ ካልነኩ 1 ሴንቲ ሜትር ያስጠጉት። ተረከዝ ሳይነሳ ጉልበት የሚነካበት የመጨረሻው ርቀት ልኬትዎ ነው። ሌላኛውንም እግር እንዲሁ ይለኩ። አንድ ሴንቲ ሜትር ከ3 እስከ 4 ዲግሪ መታጠፍ ያህል ነው። በሁለቱ እግሮች መካከል የ2 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ልዩነት ካለ ቁም ነገር ነው፤ ጤነኛው እግር ራሱ መለኪያዎ ነውና ከሌላ ሰው ጋር አይወዳደሩ።

ልኬቱን የሚያበላሹት ሦስት ነገሮች ናቸው። ተረከዝ በጥቂት ሚሊሜትር ይነሳና ሰውየው አይታወቀውም፤ ከተረከዝ ሥር ወረቀት አድርገው ሌላ ሰው እንዲስበው ያድርጉ፣ ከወጣ ተነስቷል። እግሩ ወደ ውጭ ይዞራል፤ ወይም ጉልበቱ ወደ ውስጥ ወድቆ የእግሩ ቅስት ይሟሽሻል። ጉልበቱ በሁለተኛው የእግር ጣት አቅጣጫ መሄድ አለበት።

ቁጥሩን ከጻፉ በኋላ ዋናው ጥያቄ ይመጣል፤ መጨረሻው ላይ ሲደርሱ የያዘዎት የት ነው? ከኋላ ባትዎ ከተወጠረ፣ ያገደዎት ጡንቻና ጅማት ነው፤ ይህ በመወጠር ይሻሻላል። ከፊት ቆንጥጦ «ግጭ» ብሎ ከቆመ ግን ያገደዎት አጥንትና ያበጠ ሽፋን ነው። ይህን በግድ ቢገፉት አንድም ሚሊሜትር አያገኙም፤ ሽፋኑን ብቻ እየደጋገሙ ይጨፈልቁታል። ወራት ሙሉ በቅንነት እየወጠሩ የባሰባቸው ሰዎች አብዛኛው ችግር እዚህ ጋ ነው። ትጋታቸው አይደለም የጎዳቸው፤ የወጠሩት የማይወጠር ነገር ስለሆነ ነው።

ራጅና ሌሎች ምስሎች

ራጁ ቆመው ክብደት ጭነውበት ቢነሳ ይመረጣል፤ ከፊትና ከጎን። በአጥንቶቹ መካከል ያለው ክፍተት እውነተኛ ስፋቱ የሚታየው ያን ጊዜ ነው። ሆኖም የጎኑ ራጅ አንድ ድክመት አለው። በውስጠኛው ጎን ያለ ትርፍ አጥንት፣ ወደ ፊት በወጣው የቅልጥሙ የውጭ ጠርዝ ይሸፈንና ላይታይ ይችላል። ለዚህ ተብሎ የተዘጋጀ አነሳስ አለ፤ እግሩ ወደ ውጭ 30 ዲግሪ ይዞራል፣ ጨረሩ ከላይ ወደ ታች 45 ዲግሪ ያዘነብላል፣ የእግሩ ጫፍም ወደ ታች ይዘረጋል። የውስጥ ጎኑ እያመመዎት «ራጁ ንጹሕ ነው» ከተባሉ ይህ አነሳስ ወይም ሲቲ ስካን ያስፈልግ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሲቲ ስካን የአጥንቱን ቅርጽና ቦታ በትክክል ያሳያል፤ ቀዶ ሐኪም የሚፈልገውም ብዙ ጊዜ እሱን ነው። ኤምአርአይ የሚጠቅመው አጥንቱን ለማየት ሳይሆን ልም አጥንቱ ተጎድቶ እንደሆነ፣ ጅማት ተበጥሶ እንደሆነ ወይም አጥንት ውስጥ የተደበቀ ስንጥቅ እንዳለ ለማወቅ ነው። ውጤቱን ሲቀበሉ የትርፍ አጥንቱን ርዝመት ከማየትዎ በፊት የመገጣጠሚያው ክፍተት ጠብቦ እንደሆነ የሚገልጸውን መስመር ይፈልጉ። ክፍተቱ ደህና ከሆነ 5 ሚሊሜትር ትርፍ አጥንት ያለበት ሰው፣ ክፍተቱ ከጠበበበት ባለ 2 ሚሊሜትር ሰው የተሻለ ተስፋ አለው።

ጥርጣሬ ሲኖር ሐኪሙ መገጣጠሚያው ውስጥ ትንሽ ማደንዘዣ ሊወጋ ይችላል። ከዚያ ወዲያው ቁጢጥ ሲሉ የቀድሞው ሕመም ከሌለ ምንጩ መገጣጠሚያው ውስጥ ነው ማለት ነው። ካልተለወጠ ሌላ ቦታ መፈለግ አለበት።

በራስ ሊታይ የማይገባ ቁርጭምጭሚትም አለ። ድንገት የቀላና የጋለ፣ በተለይ ከትኩሳት ጋር ከሆነ፣ ኢንፌክሽን ወይም ሪህ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን መታየት ይኖርበታል። ከአደጋ በኋላ አራት እርምጃ መራመድ ካልተቻለ ስብራት መኖሩን ማጣራት ግድ ነው። ስኳር በሽታ ኖሮበት እግሩ የሚደነዝዘው ሰው ቁርጭምጭሚቱ ጋል ብሎ ካበጠበት ባያመውም አይጠብቅ፤ አጥንቱ ሳይታወቅ እየፈረሰ ሊሆን ይችላል። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስና በዕረፍት የማይቀንስ ሕመምም የትርፍ አጥንት ጠባይ አይደለም።

ያለ ቀዶ ሕክምና ምን ይሠራል?

መጀመሪያ መቆንጠጡን ማቆም፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል። በጣም ቀላሉና ብዙ ጊዜ የሚረሳው መንገድ ተረከዝን ከፍ ማድረግ ነው። ተረከዝ ከ6 እስከ 12 ሚሊሜትር ከፍ ሲል ጉልበት ወደ ፊት ለመሄድ ቁርጭምጭሚቱ ያን ያህል መታጠፍ አያስፈልገውም፤ ጠርዞቹም ሳይገናኙ ይቀራሉ። ጠንከር ካለ ጎማ ወይም ቡሽ የተሠራ የተረከዝ ማስነሻ ጫማ ውስጥ ያድርጉ፤ በጣም ልስልስ ስፖንጅ ክብደት ሲያርፍበት ስለሚሰምጥ ጥቅሙ ይጠፋል። በ6 ሚሊሜትር ጀምረው ካልበቃ ይጨምሩ። በሁለቱም ጫማ ያድርጉት፤ በአንዱ ብቻ ከሆነ እግር እኩል ስለማይሆን ወገብና ዳሌ ሊያጉረመርም ይችላል። ጫማው ተረከዝዎን አጥብቆ ካልያዘ ማስነሻው እግርዎን ወደ ላይ ገፍቶ ያስወጣዋል፤ ያን ጊዜ ወለምታ ይመጣል። የስፖርት ጫማ የሚገዙ ከሆነ ተረከዙ ከጣቱ 10 ሚሊሜትር ያህል ከፍ ያለውን ይምረጡ። ጠፍጣፋ ጫማና ባዶ እግር ለጊዜው ይቅር።

የጫማ ክርም ያባብሳል። የመጨረሻው ቋጠሮ በትክክል ከሚያመው ቦታ ላይ ካረፈ ቀኑን ሙሉ እየተጫነው ይውላል። በዚያ ቦታ ላይ ያለውን ቀዳዳ ይዝለሉት።

በየቀኑ የምናደርጋቸው ነገሮች ላይ ትንሽ ለውጥ ብዙ ይሠራል። ደረጃ ሲወርዱ በጥልቀት የሚታጠፈው ላይ የቀረው እግር ነው፤ ስለዚህ የታመመውን አስቀድመው ያውርዱ። ዳገት ቀጥ ብሎ ከመውጣት በዚግዛግ መውጣት ይሻላል። ቁጢጥ ብለው የሚሠሩትን ዝቅ ባለ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይሥሩ። ጂም የሚሄዱ ከሆነ ስኳት ሲሠሩ ተረከዝዎን 2 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ባለው ነገር ላይ ያሳርፉ። ብስክሌት ጥሩ ምትክ ነው፤ ግን ኮርቻው ዝቅ ካለ ቁርጭምጭሚት ስለሚታጠፍ ከፍ ያድርጉት። ሙሉ ለሙሉ መተኛት አይጠቅምም፤ ባትና የቁርጭምጭሚት ጡንቻ ይሰልላል፣ መገጣጠሚያውም ይብስ ይደርቃል።

በበረታበት ሰሞን በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ መያዝ እብጠቱን ያስታግሳል። የቆዳ ላይ ዳይክሎፌናክ ጄል እዚህ ቦታ ላይ ጥሩ ምርጫ ነው፤ መገጣጠሚያው ለቆዳ ቅርብ ነው፣ ጨጓራንም ከክኒን ያነሰ ያስቸግራል። አይቡፕሮፌን ካስፈለገ ለአዋቂ 400 ሚሊግራም ከምግብ ጋር፣ በቀን ከ3 ጊዜ ሳይበልጥ፣ ለጥቂት ቀናት ብቻ። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም፣ ከፍተኛ የደም ግፊት ያለበት፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ወይም ነፍሰ ጡር ግን ሐኪም ሳያማክር አይውሰድ። ሕመሙን በክኒን አደንዝዞ መጫወት ደግሞ የተቆጣውን ሽፋን እንደገና ማስጨፍለቅ ነው።

እንቅስቃሴ

ቆንጠጥ ማድረጉ ለቀቅ ሲል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሳምንት በኋላ፣ ማጠንከር ይጀመራል። ዓላማው ታለስን በቦታው የሚይዙትን ጡንቻዎች ማበርታት ነው፤ የወለምታ ታሪክ ላለበት ሰው ይህ ከሁሉም ይበልጣል።

ተረከዝ ማንሳት በሁለት እግር ይጀመር፤ ደልዳላ ወለል ላይ፣ 3 ዙር፣ በዙር 12 ጊዜ፣ በ2 ሰከንድ ተነስቶ በ3 ሰከንድ መውረድ። ሲቀልዎ በአንድ እግር ይሥሩት። ብዙዎች ይህን ደረጃ ጫፍ ላይ ቆመው ተረከዛቸውን ከደረጃው በታች እያወረዱ ይሠሩታል፤ ያ ለተረከዝ ጅማት ሕመም የሚሰጥ ልምምድ ነው። ለእርስዎ ግን ተረከዙ ከጣቱ በታች ሲወርድ ከፊት መቆንጠጥ ስለሚያመጣ ከወለሉ በታች አይውረዱ።

የውጭ ጎን ጡንቻዎችን ለማጠንከር ላስቲክ በእግርዎ ፊት ላይ ያዙሩ፤ ሌላውን ጫፍ በጤነኛው እግር በኩል ካለ የማይነቃነቅ ነገር ጋር ይሰሩ። ጉልበት ሳይነቃነቅ እግሩን ወደ ውጭ ይግፉ፤ 3 ዙር፣ በዙር 15 ጊዜ። ጉልበቱና ጭኑ አብረው ከዞሩ የሠራው ዳሌዎ ነው። ሚዛን ለመጠበቅ በአንድ እግር 30 ሰከንድ፣ 3 ጊዜ መቆም በቂ መነሻ ነው፤ ሲቀል ዓይንን ጨፍኖ ወይም ትራስ ላይ። ዓይንዎን ጨፍነው ሲሠሩ የሚይዙት ነገር ቅርብ ይሁን።

ግድግዳው ላይ ባትዎ የተወጠረብዎ ከሆነ ባትን መወጠር ይጠቅማል፤ የኋላውን ጉልበት ቀጥ አድርጎ 30 ሰከንድ፣ 3 ጊዜ፣ በቀን 2 ጊዜ። ከፊት መቆንጠጥ በጀመረበት ቅጽበት ያቁሙ።

ፊዚዮቴራፒስቶች ታለስን ወደ ኋላ የሚያንሸራትቱበት በላስቲክ የሚሠራ ዘዴ አለ። ላስቲኩ ከሁለቱ ጉብታዎች በታች፣ እግር ከቅልጥም ጋር በሚታጠፍበት እጥፋት ላይ ያርፋል፤ ወደ ኋላና ትንሽ ወደ ታች ይጎትታል፤ ሰውየው ጉልበቱን ቀስ ብሎ ወደ ፊት ያሳልፋል። ላስቲኩ ወደ ላይ ወጥቶ ቅልጥሙን ከሳበ ሥራው ተገላቢጦሽ ይሆንና መቆንጠጡን ይጨምራል። የመጀመሪያውን ጊዜ ከባለሙያ ጋር እንዲሠሩት እመክራለሁ።

ልምምዱ ልክ መሆኑን የሚያሳውቅዎት ማግስቱ ነው። በልምምዱ ሰዓት ከ10 ነጥብ ቢለካ 3 ድረስ የሚሆን ሕመም ችግር የለውም፤ በማግስቱ ጠዋት ቁርጭምጭሚቱ ካበጠ ወይም የግድግዳው ልኬት ከትናንቱ ከቀነሰ በዝቷል፤ መጠኑን በግማሽ ይቀንሱ።

እስቴሮይድ መርፌ የተቆጣውን ሽፋን ስለሚያበርድ ለሳምንታት ወይም ለጥቂት ወራት ሊያሳርፍ ይችላል። አጥንቱን አይቀንሰውም፤ ጥቅሙ ማጠንከሪያውን ያለ ሕመም ለመሥራት ጊዜ መግዛቱ ነው። ስኳር ያለበት ሰው ለጥቂት ቀናት የስኳሩ መጠን ከፍ ስለሚል መከታተል አለበት። መርፌው እየተደጋገመ ሲሄድ ልም አጥንትን ሊጎዳ ስለሚችል፣ የመጀመሪያው ካልሠራ ሁለተኛውን ከመጠየቅ ምርመራውን እንደገና ማየት ይሻላል።

ኮምጣጤ መጠጣት፣ ሎሚ መቀባት፣ ወተት መተው የበቀለን አጥንት አያሟሙትም። ትርፍ አጥንት ካልሲየም ከመብዛት የሚመጣ አይደለም፤ ካልሲየም ያለውን ምግብ የተወ ሰው የሚያጣው ጤነኛውን አጥንቱን ነው። ቦታውን አጥብቆ ማሸትም ያበጠውን ሽፋን አጥንቱ ላይ መፈተግ ነው፤ ባትን ማሸት ግን ይረዳል።

ቀዶ ሕክምና

ይህን ሁሉ ከ3 እስከ 6 ወር በአግባቡ ሠርተው ሕመሙ ሥራዎን ወይም ስፖርትዎን ከከለከለዎት ቀዶ ሕክምና ማሰብ ተገቢ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በአርትሮስኮፒ ነው። ከቁርጭምጭሚቱ ፊት፣ ከጅማቶቹ በውስጥና በውጭ ጎን፣ ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች ይከፈታሉ፤ በአንዱ ካሜራ፣ በሌላው መሣሪያ ይገባል። በመጀመሪያ ያበጠው ሽፋን ይጠረጋል፣ ከዚያ ትርፍ አጥንቱ በትንሽ መሞረጃ ይላጋል። ሐኪሙ በመጨረሻ እግሩን እያጠፈ ጠርዞቹ እንደማይገናኙ ያረጋግጣል። የላላ ጅማት ካለ አብሮ ካልተስተካከለ አጥንቱን ያበቀለው ምክንያት እንዳለ ይቀራል፤ ይህን አስቀድመው ይጠይቁ።

በብዛት የሚታወቀው ጉዳት በውጭኛው ቀዳዳ አጠገብ የሚያልፈው የቆዳ ነርቭ መነካት ነው፤ የእግር ጀርባ ይደነዝዛል ወይም ይነዝራል። ብዙ ጊዜ በራሱ ይመለሳል፤ በአንዳንዱ ሰው ግን ይቀራል። ኢንፌክሽን፣ የደም መርጋትና የመገጣጠሚያው መድረቅም አልፎ አልፎ ይከሰታሉ። ባለፉት 3 ወራት ውስጥ በመገጣጠሚያው መርፌ ከተወጉ ለቀዶ ሐኪሙ ይንገሩ፤ የኢንፌክሽን ዕድልን ሊጨምር ይችላል።

የመገጣጠሚያው ክፍተት ካልጠበበ አብዛኛው ሰው ጥሩ ውጤት ያገኛል። ከጠበበ ውጤቱ በግልጽ ይወርዳል፤ ምክንያቱም ያን ጊዜ የሚያመው መቆንጠጡ ብቻ ሳይሆን ያለቀው ልም አጥንትም ነው። እንዲያውም በጣም ባለቀ መገጣጠሚያ ላይ ትርፍ አጥንቱ እንቅስቃሴውን አግዶ ሕመሙን ሲቀንስ ቆይቶ፣ ሲነሳ ሕመሙ ሊጨምር ይችላል። ለእንዲህ ያለው ሰው መነጋገር ያለበት ስለ ማሰሪያ፣ ግርጌው ቆልመም ስላለ ጫማ፣ ወይም መገጣጠሚያውን ስለ ማጣበቅና ስለ መተካት ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ቀናት እግሩን ከልብ ከፍታ በላይ ሰቅሎ ማረፍ፣ በነቁበት ሰዓት ሁሉ ደግሞ በየሰዓቱ ጥቂት ጊዜ እግሩን ወደ ላይ ማጠፍ ያስፈልጋል። ይህን የተወ ሰው በቀዶው ያገኘውን መታጠፍ በጠባሳ ያጣዋል። ሌላ ነገር ካልተሠራ ከ3 እስከ 7 ቀን በክራንች ከፊል ክብደት መጫን የተለመደ ነው። ስፌቱ በ10 እና 14 ቀን መካከል ይወጣል፤ እስከዚያ ቁስሉ አይርጠብ። ባት ካበጠና ካመመ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ቁስሉ መግል ካወጣ በዚያው ቀን መመለስ ነው። ወደ ስፖርት መመለስ በአብዛኛው ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይወስዳል፤ ከቀን መቁጠሪያው ይልቅ ግን የግድግዳው ልኬት ከጤነኛው እግር ጋር መቀራረቡን፣ በአንድ እግር 20 ጊዜ ተረከዝ ማንሳት መቻልዎንና በማግስቱ አለማበጡን ይመልከቱ።

ከዓመታት በኋላ በሌላ ምክንያት ራጅ ሲነሱ አጥንቱ እንደገና በቅሎ ሊያዩ ይችላሉ፤ በተለይ ወደ ኳስ የተመለሱ ሰዎች ላይ ይህ የተለመደ ነው። ቁጢጥ ሲሉ ካላመመዎትና ልኬትዎ ካልወረደ ምንም ማድረግ አያስፈልግም።